ያኪማ ካነት፡ ሳይነካ የሚጥለውን የፊልም ቡጢ ያስተማረው ካውቦይ

በ"ቤን ሁር" ፊልም ውስጥ ያለው የሠረገላ ውድድር ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መንኮራኩሮች ይሰባበራሉ፤ ሰዎች ከፈረስ ኮቴ ሥር ይወድቃሉ። ፊልሙ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1959 ለዕይታ ከበቃ በኋላ፣ በዚህ ትዕይንት ቀረጻ ላይ ሰው ሞቷል የሚል ወሬ ለብዙ ዓመታት ሲናፈስ ኖሯል።

ወሬው ሐሰት ነበር። በውድድሩ ቀረጻ ላይ ሕይወቱን ያጣ ሰው አልነበረም። ሰው ሞቷል ተብሎ እስኪታመን ድረስ እውነት የመሰለውን፣ ነገር ግን ማንንም ያልገደለውን ይህን ትዕይንት ያቀናበረው ያኪማ ካነት ነው። ስሙ እንደ ታላላቅ ተዋናዮች በሰው አፍ አይዘወተርም። ይሁንና ዛሬ በፊልም የምናየው የቡጢ ፍልሚያ፣ ከፈረስ መውደቅና የሠረገላ መገልበጥ ብዙው የእሱ እጅ አለበት።

ከፈረስ ጀርባ ወደ ካሜራ ፊት

ኢኖስ ኤድዋርድ ካነት በ1895 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኮልፋክስ በምትባል ከተማ አቅራቢያ በከብት እርባታ ከሚተዳደር ቤተሰብ ተወለደ። ያልተገሩ ፈረሶችን መጋለብ የተማረው በልጅነቱ ነው። ገና በወጣትነቱም የካውቦዮች የግልቢያና የከብት አያያዝ ውድድር በሆነው ሮዲዮ መሳተፍ ጀመረ። ያኪማ የሚለው መጠሪያ የወጣለት ከ1914ቱ የፔንድልተን ውድድር በኋላ በአንድ ጋዜጣ ስህተት ነበር። ያኪማ የሌላ አካባቢ ስም ሲሆን እሱ የዚያ ተወላጅ አልነበረም። ስሙ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

በሮዲዮ ሜዳ ዝናን ካተረፈ በኋላ በ1919 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከካውቦይ ፊልሞች ኮከብ ቶም ሚክስ ጋር ተዋወቀ። በ1920ዎቹ በበርካታ ድምፅ አልባ ፊልሞች ተውኗል። ፊልም መናገር ሲጀምር ግን ዕጣው ተለወጠ። በባሕር ኃይል አገልግሎቱ ወቅት የያዘው ኢንፍሉዌንዛ ድምፁን ጎድቶት ስለነበር ለመሪ ተዋናይነት የማይመች ሆነ። የቀረው ሀብት ሰውነቱና የፈረስ ዕውቀቱ ነበር። እናም በተዋናዮች ፈንታ አደገኛ ትዕይንቶችን ወደሚሠሩት፣ ስታንትማን ወደሚባሉት ባለሙያዎች ጎራ ተቀላቀለ።

የማይነካው ቡጢ

በዚያ ዘመን የነበረው የፊልም ፍልሚያ ሁለት ዓይነት ችግር ነበረበት። ተደባዳቢዎቹ አንዱ የሌላውን ትከሻና ደረት ሲደበድቡ ተመልካቹ በቀላሉ ማስመሰል መሆኑን ያውቃል። ከምር ሲማቱ ደግሞ ፊት ያብጣል፤ ጥርስ ይወልቃል፤ ቀረጻም ይስተጓጎላል።

ካነት በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአነስተኛ በጀት በሚሠሩ የካውቦይ ፊልሞች ላይ ከወጣቱ ጆን ዌይን ጋር ይሠራ ነበር። ሁለቱ ከዳይሬክተሩ ሮበርት ብራድበሪ ጋር ሆነው ለችግሩ መላ ዘየዱ። የዘዴው ምሥጢር በካሜራው ቦታ ላይ ነው። ካሜራው ከአንዱ ተደባዳቢ ትከሻ ጀርባ ይቆማል። የመቺው ቡጢ የተመቺውን ፊት ሳይነካ ጥቂት ርቀት ጠብቆ ያልፋል። በሸራ ላይ የሚታየው ምስል ጥልቀት ስለሌለው ተመልካቹ በቡጢውና በአገጩ መካከል ያለውን ክፍተት ሊለይ አይችልም። ተመቺው በትክክለኛዋ ቅጽበት ራሱን ወደ ኋላ ከወረወረ፣ የምቱ ድምፅም በኋላ ከተጨመረበት፣ ቡጢው አገጭ የሰበረ ይመስላል።

ይህ ዘዴ የፍልሚያን ትርጉም ለውጧል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አንድን ምት አሳማኝ የሚያደርገው የመቺው ጉልበት መሆኑ ቀርቶ የተመቺው አወዳደቅ ሆነ። ፍልሚያ እንደ ጭፈራ እርምጃው የሚቆጠር፣ አስቀድሞ የሚጠና፣ ሁለቱ ተጣማሪዎች ተማምነው የሚሠሩት የጋራ ሥራ ሆነ። አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ይጎዳል።

ካነት ለዌይን ያካፈለው ይህን ብቻ አልነበረም። ኮከቡ በኋላ የታወቀበት ዝግ ያለ አረማመድና አነጋገር ከዚህ እውነተኛ ካውቦይ የተቀዳ እንደነበር ይነገራል።

ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር

1939 ካነት በሁለት ታላላቅ ፊልሞች ላይ የሠራበት ዓመት ነው። በጆን ፎርድ "ስቴጅኮች" ፊልም ላይ፣ በስድስት ፈረሶች ከሚጎተት በራሪ ጋሪ ፊት ለፊት ካሉት ፈረሶች ላይ ዘሎ ይወጣና በጥይት ተመትቶ ይወድቃል። ፈረሶቹም ጋሪውም በላዩ ላይ ያልፋሉ። ጋሪው ካለፈ በኋላ ሰውነቱን ስለሚያንቀሳቅስ፣ የወደቀው አሻንጉሊት እንዳልነበረ ተመልካቹ ይረዳል። በነቢይ መኮንን ትርጉም "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ በአማርኛ አንባቢያን ዘንድ በሚታወቀው ልብ ወለድ ላይ በተመሠረተው ፊልም ደግሞ፣ በምትቃጠለው አትላንታ ውስጥ ጋሪውን የነዳው በክላርክ ጌብል ፈንታ ካነት ነበር።

ሰውነቱ ግን ዋጋ ከፍሏል። በ1940 በ"ቡም ታውን" ቀረጻ ላይ ፈረስ ወድቆበት የውስጥ አካሉ ተጎዳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ፊልም ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። እነዚህ ጉዳቶች ከመውደቅ ይልቅ አወዳደቅን ወደማቀናበር መሩት። ጋላቢው ሲወድቅ እግሩ ተይዞ እንዳይጎተት የሚያደርግ እርካብ ሠራ። ጋሪ ሲገለበጥ ፈረሶቹን በቅጽበት የሚፈታ የገመድ ማላቀቂያም አበጀ።

የእሱ ታሪክ ግን ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ለፈረሶች የነበረው ጥንቃቄ ለሰዎች የነበረውን ያህል አልነበረም። በዘመኑ እንደነበሩት ባልደረቦቹ ሁሉ፣ የሚጋልብን ፈረስ እግር በሽቦ ጠልፎ የሚጥለውን ዘዴ እሱም ተጠቅሟል። ይህ ዘዴ በብዙ ፊልሞች ፈረሶችን ለስብራትና ለሞት የዳረገ በመሆኑ፣ የሕዝብ ቁጣ ከበረታ በኋላ በሆሊውድ ተቀባይነቱን አጥቷል።

ወራት የፈጀው ዘጠኝ ደቂቃ

የዕድሜ ልክ ልምዱ የተፈተነው ሮም አቅራቢያ በሚገኘው የቺኔቺታ ስቱዲዮ ነው። በ1925 በተሠራው የቀድሞው "ቤን ሁር" የውድድር ቀረጻ በርካታ ፈረሶች አልቀዋል፤ ሮም ላይ የሰው ሕይወት እንደጠፋም ይነገራል። ካነትና ውድድሩን አብሮት የቀረጸው ዳይሬክተር አንድሪው ማርተን ያ እንዲደገም አልፈለጉም።

ሥራው የተጀመረው ካሜራ ከመነሳቱ ከወራት በፊት ነበር። ከዩጎዝላቪያና ከሲሲሊ የመጡ ፈረሶች ሠረገላ መሳብን ተለማመዱ። መሪ ተዋናዮቹ ቻርልተን ሄስተንና ስቲቨን ቦይድም አራት ፈረሶችን በአንድ ልጓም መግራትን ተማሩ። እያንዳንዱ ግጭት አስቀድሞ ተነድፎ በዝግታ፣ ቀጥሎም በፍጥነት ተጠና።

ያም ሆኖ ያልታሰበ ነገር ደረሰ። በሄስተን ፈንታ ሠረገላ ይነዳ የነበረው የካነት ልጅ ጆ ነበር። ሠረገላው በተሰባበሩ ሠረገላዎች ላይ ዘሎ ሲያልፍ ጆ ወደ ፊት ተወረወረ፤ ከፈረሶቹ ኋላ ያለውን የሠረገላውን አካል ይዞ በመንጠልጠሉም ከሞት ተረፈ። የደረሰበት ጉዳት አገጩ ላይ ጥቂት ስፌት ብቻ ሆነ። ካሜራው የያዘው ይህ አደጋ በፊልሙ ውስጥ እንዲቀር ተደረገ፤ ሄስተን ወደ ሠረገላው ሲመለስ የሚያሳይ ምስልም ተጨመረበት። ፊልሙ 11 የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል።

ካነት ከዚያ በኋላ ለአካባቢያችን ታሪክ የቀረበ ሥራም ነበረው። ግብፅ ውስጥ በተቀረጸውና በ1966 በወጣው "ካርቱም" ፊልም የሁለተኛው የቀረጻ ቡድን ዳይሬክተር ሆኖ ሠርቷል። ፊልሙ የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርደን በሱዳን ማህዲስቶች የተከበበበትን ጊዜ ይተርካል። የኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢያን እነዚህን ማህዲስቶች የሚያውቋቸው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በወደቁበት የመተማ ጦርነት ነው።

በ1967 በተካሄደ ሥነ ሥርዓት የኦስካር የክብር ሽልማት ተበረከተለት። የተሸለመው በድፍረቱ ብቻ ሳይሆን ባልደረቦቹን ከአደጋ የሚጠብቁ መሣሪያዎችን በመፍጠሩም ጭምር ነው። ልጆቹ ጆና ታፕም በዚሁ ሙያ ተሰማርተዋል።

ሕይወቱን ሙሉ ሲወድቅ፣ ሲረገጥና በሐሰት ሲሞት የኖረው ያኪማ ካነት ግንቦት 1986 በ90 ዓመቱ ኖርዝ ሆሊውድ ውስጥ በተፈጥሮ ሞት አረፈ። ዛሬም የቡጢ ፍልሚያ ሲቀረጽ ካሜራው ብዙ ጊዜ ከአንዱ ተደባዳቢ ትከሻ ጀርባ ይቆማል፤ ቡጢውም ፊትን ሳይነካ ያልፋል።