በ6 ቀኗ የነገሠችው ሜሪ

እንግሊዝና ስኮትላንድ ዛሬ በአንድ ንጉሥ ሥር ናቸው። ለብዙ መቶ ዓመታት ሲዋጉ የኖሩትን ሁለት ዙፋኖች በመጨረሻ ያገናኛቸው ጋብቻና የዘር ሐረግ ነው። በዚህ ታሪክ መካከል ልጇን በ10 ወሩ አይታ ዳግመኛ ያላየችው አንዲት እናት አለች፤ የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ ስቱዋርት።

ሜሪ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1542 ነው። በ6ኛው ቀን አባቷ ንጉሥ ጄምስ 5ኛ ሞተና ዘውዱ ለእሷ ሆነ። አያቷ ማርጋሬት ቱዶር የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እህት ስለነበረች፣ ሜሪ ለእንግሊዝ ዙፋንም የምትቀርብ ነበረች። መከራዋን ያመጣባትም ይኸው ዝምድና ነው።

በ5 ዓመቷ ከእናቷ ተለይታ ወደ ፈረንሳይ ተላከች። በ1558 የፈረንሳዩን አልጋ ወራሽ አገባች፤ በዓመቱም የፈረንሳይ ንግሥት ሆነች። ነገር ግን 18 ዓመት ሊሞላት 3 ቀን ሲቀራት ባሏ ሞተ።

በ1561 ወደ አገሯ ስትመለስ እሷ ካቶሊክ፣ አገሪቱ ግን ፕሮቴስታንት ሆና ነበር። በ1565 ዘመዷን ሎርድ ዳርንሊን አገባች፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም። እርጉዝ ሳለች ባሏ ከመኳንንት ጋር አብሮ ጸሐፊዋን አስገደለባት። ጁን 19 ቀን 1566 ልጇ ጄምስ ተወለደ። በማግስቱ ዓመት ዳርንሊ ራሱ ተገደለ። ሜሪም ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ በግድያው የተጠረጠረውን ቦዝዌልን አገባች። መኳንንቱ ተነሡባት፤ በሐይቅ መካከል ባለ ግንብ አስረው ዘውዷን ለ13 ወር ሕፃን ልጇ አስለቀቋት።

በ1568 ከእስር አምልጣ ጦር አሰባሰበች፤ ተሸነፈችም። የሥጋ ዘመዷ ንግሥት ኤልሳቤጥ ታስጠጋኛለች ብላ ወደ እንግሊዝ ተሻገረች። የገጠማት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነበር። ዙፋኗን የሚቀናቀን ሰው የፈራችው ኤልሳቤጥ ከግንብ ወደ ግንብ እያዘዋወረች ወደ 19 ዓመት አሰረቻት፤ አንድም ቀን ፊቷን አላየችም።

ሜሪ ጊዜዋን በጥልፍና በደብዳቤ ትገፋ ነበር። ልጇ ግን በጠላቶቿ እጅ፣ የእናቱን ክፉ እየሰማ አደገ። ሲጎለምስም እሷን ትቶ ከኤልሳቤጥ ጋር ተዋዋለ። ከልጅ ርቆ መኖርን ለምታውቁ አንባቢዎቻችን፣ ይህ ከእስሩ ይልቅ እንደሚከብድ መናገር አያሻም።

በ1586 በቢራ በርሜል ውስጥ ተደብቀው የሚወጡ የሚመስሏት ደብዳቤዎቿን የኤልሳቤጥ ሰላዮች አንድ በአንድ ያነቡ ነበር። ኤልሳቤጥን ለመግደል በተዶለተ ሤራ ተስማምታለች ተብላ ተፈረደባት፤ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587፣ በ44 ዓመቷ አንገቷ ተቆረጠ።

ኤልሳቤጥ በ1603 ያለ ልጅ ስትሞት የእንግሊዝ ዘውድ ለሜሪ ልጅ ለጄምስ ደረሰ። ሁለቱ አገሮች በአንድ ንጉሥ ሥር የዋሉት ያኔ ነው፤ በ1707 ደግሞ አንድ መንግሥት ሆኑ። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስም የሜሪ ዘር ነው።

ጄምስ በ1612 የእናቱን አስከሬን ወደ ለንደኑ ዌስትሚኒስተር አቢ አስመጣ። በሕይወት ሳሉ ያልተገናኙት ሁለቱ ንግሥቶች ዛሬ እዚያው፣ በአንድ ጸሎት ቤት ግራና ቀኝ አርፈዋል።