አጤ ቴዎድሮስ፣ ደመወዝተኛው ወታደርና የእኛ ወሎ

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ ነው። ዕድሜ ይህን ያህል፣ ቁመት ይህን ያህል፣ ትምህርት ይህን ያህል ይልና መጨረሻ ላይ ሁሉም ሳያነብ የሚዘላት አንዲት መስመር ትመጣለች። በማንኛውም የአገሪቱ ክፍል ተመድቦ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆን ያስፈልጋል የምትለዋ። ከእኛ ከአጅባር የተመለመለ ልጅ ጋምቤላ ሊመደብ ይችላል፤ የአርባ ምንጭ ልጅ ደግሞ ደሴ ሊመጣ ይችላል። ዛሬ ይሄ ማንንም አይገርምም። ከ170 ዓመት በፊት ግን እብደት ይመስል ነበር። ያንን እብደት የሞከሩት ሰው ደግሞ ቲሸርታችሁ ላይ ያሉት ባለ ሹሩባው ንጉሥ ናቸው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ተወለደ። (ገና ስላልነገሠ አንተ እለዋለሁ፤ ሲነግሥ አንቱ እንላለን።) ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ወታደሩ የጌታው እንጂ የአገር አልነበረም፤ የጎጃሙ ጭፍራ ለጎጃሙ መስፍን፣ የወሎው ለወሎ ባላባት ያድራል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ገበሬው ቤት ይመራል፣ የገበሬውን በግ ያርዳል፣ የገበሬውን ጠላ ይጠጣል፣ አዝመራውን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሰፈር ያልፋል። ካሳም ሸፍቶ በረሃ ገባ፤ ሥርዓቱን ከታች ሆኖ አየው። ከዚያ በኋላ ያለውን ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ፦ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ አሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አደረገ፤ እዚያው ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አንቱ ናቸው።

ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ብዙ ይወራል። እኔ ግን የሚበልጥብኝ ሌላው ሥራቸው ነው። ከየአውራጃው የመጣውን ወታደር ቀላቅለው በአንድ ጭፍራ ሥር አደረጉት። የአንዱ አገር ልጅ ከሌላው አገር ልጅ ጋር አንድ አለቃ ሥር ከዋለ የአውራጃ ጌታ ሊያሳምፀው አይችልም፤ ስሌቱ ይሄ ነው። ባላገሩን እንዳይዘርፍ ደግሞ ደመወዝ ሊከፍሉት ተነሡ። የአሥር አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሺ አለቃ የሚሉት ማዕረጎችም ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት መነሻቸው እዚያ ዘመን ነው። በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ ፖሊስም የወረሰው ይህንኑ አጠራር ነው። ሳጅንና ኢንስፔክተር ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ የሰፈራችሁን አዛውንት ሃምሳ አለቃ ለምን እንደሚባሉ ጠይቋቸው።

የመንገድ ጸጥታም ነገር ነበር። በዘመኑ የነበረ አንድ አውሮፓዊ የጻፈው ታሪክ አለ፤ እውነትም ይሁን ተረት የሰውየውን ጠባይ ያሳያል። በዘረፋ የታወቁ የአንድ አካባቢ ሰዎች ታጥቀው መጡና የአባቶቻችንን ሙያ ያጽኑልን ብለው ጠየቁ። ሙያችሁ ምንድን ነው ቢሏቸው መንገድ መዝረፍ ነው አሉ፣ በድፍረት። ንጉሡ በሬና ማረሻ ልስጣችሁ፣ እረሱ አሏቸው፤ እምቢ አሉ። እሺ ብለው አሰናበቷቸው። ደስ ብሏቸው ሲመለሱ ፈረሰኞች ደርሰው ፈጇቸው። ፍርድ ቤት የለ፣ ይግባኝ የለ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ፤ የዚህ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይሄን ካልጻፍኩ ሌላውንም ባልጻፍኩት ይሻል ነበር። አጤው እንደነገሡ የዘመቱት ወሎ ላይ ነው። በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላን ያዙ፤ ከእኛ ከሳይንት ደጋ ብዙም የማይርቀውን አምባ። ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጉት። ወሎ ግን አልገብር አለ፣ እሳቸውም እየተመላለሱ ቀጡት። እጅና እግር ተቆረጠ፣ መንደር ተቃጠለ። ያ ባላገሩን ይጠብቃል የተባለ ወታደር እዚህ ሲመደብ የባላገሩን እህል በላ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ወሎዋ ገዢ ወርቂት ሄደ። ልጇ አመዴ መቅደላ ላይ በመያዣነት ታስሮ ነበር፤ ወርቂት ያንን እያወቀች ምኒልክን አሳለፈችው። ልጇ ተገደለ። አንድነት ሲባል ቴዎድሮስን ብቻ ለምናስብ ሰዎች ወርቂትም ከዚህ ታሪክ ውስጥ አለች።

ምን ነካቸው? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ገንዘብ። ደመወዝ ለመክፈል ግምጃ ቤት ያስፈልጋል፣ ግምጃ ቤት ደግሞ ግብር ይፈልጋል፣ ግብር የሚሰበሰበው ሰላም ባለበት አገር ነው። ሰፊ መሬት የነበራት ቤተ ክርስቲያን ነበረችና ለየደብሩ ጥቂት ካህናት የሚበቃ መሬት ትተው ትርፉን ለወታደሩ ቀለብ ሊያደርጉት አሰቡ። ካህናቱ ተነሡባቸው፣ ሕዝቡም ከካህናቱ ጋር ሆነ፤ ጳጳሱ አቡነ ሰላማ መቅደላ ታስረው እዚያው ሞቱ። ደመወዝ የሌለው ወታደር ደግሞ ወደ ድሮ ልማዱ፣ ወደ ገበሬው ጓዳ ተመለሰ። ዝርፊያው አመፅ ወለደ፣ አመፁ ዘመቻ ወለደ፣ ዘመቻው ያልተከፈለ ወታደር አበዛ። ወታደሩም በሌሊት እየከዳ ወደየአገሩ ሄደ። ከየአውራጃው መቀላቀሉ አላዳነውም፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው የእናቱን ቤት ነው የሚያስበው።

በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሠራዊት እንግሊዞች ሲመጡ ጥቂት ሺህ ሆኖ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ ወታደር ጋር ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ እንግሊዞች አምባውን ሲሰብሩ ንጉሡ የቀሩትን ወታደሮች አሰናብተው ነበር፤ ከጥቂት ታማኞች ጋር ቀርተው በሽጉጣቸው ራሳቸውን አጠፉ።

እንግሊዞች መቅደላን አቃጥለው ሲወጡ አምባውን የተረከበችው የወርቂት ባላንጣ የነበረችው የወሎዋ መስተዋት ናት። ከቋራም ከሸዋም ከሌላውም የተሰበሰበው ወታደር ጠመንጃውን አስረክቦ፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት በቀጡት አገር መሀል አቋርጦ፣ በባዶ እጁ ወደየቤቱ መንገድ ጀመረ።