ሊሊ ፓር

ሊሊያን ፓር፣ በተለምዶ ሊሊ ፓር (ኤፕሪል 26 ቀን 1905 – ሜይ 24 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊት የእግር ኳስ ተጫዋች ነበረች። ዲክ ከር ሌዲስ በተባለው የፕሬስተን ከተማ የሴቶች ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ መስመር ለ30 ዓመታት ያህል ተጫውታለች። ከነዚህም አብዛኞቹ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶችን ከሜዳዎቹ ባገደበት ዘመን ያለፉ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ሕይወት

ፓር የተወለደችው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በወቅቱ በላንካሻየር ግዛት ሥር በነበረችው ሴንት ሄለንስ ከተማ ነው። ከተማዋ በሁለት ነገር ትታወቃለች፦ በመስታወት ፋብሪካዎቿና በራግቢ ቡድኗ። አባቷ በመስታወት ፋብሪካ የጉልበት ሠራተኛ ነበር፤ ቤተሰቡም 7 ልጆች ነበሩት። ሊሊ ከወንድሞቿ ጋር በሰፈሩ ባዶ ሜዳ ላይ ራግቢና እግር ኳስ እየተጫወተች አደገች። ኳስን ከሩቅ አክርሮ መምታትንም ሆነ ገፍቶ የሚመጣን ተጋጣሚ ትከሻ ሰጥቶ መቋቋምን የለመደችው ከወንዶቹ ጋር በነበረው በዚህ ጨዋታ ነው። ቁመቷ ረጅም፣ አካሏም ጠንካራ ስለነበር ለራግቢ የተፈጠረች ትመስል ነበር። ሆኖም በዚያ ዘመን አንዲት ልጅ ራግቢ የምትጫወትበት ቡድን አልነበረም። የሴቶች ራግቢ ሰባት ለሰባት ወደ ኦሎምፒክ የገባው በ2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማለትም እርሷ ከሞተች ከ38 ዓመት በኋላ ነው። እግር ኳስ ግን በጦርነቱ ምክንያት ለሴቶች በሩን ከፍቶ ነበር።

የፋብሪካ ሴቶች ቡድን

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ወደ ግንባር ሲዘምቱ ሴቶች በፋብሪካዎች ተተኩ። ዲክ ከር በፕሬስተን ከተማ የባቡርና የትራም ተሽከርካሪዎችን ይሠራ የነበረ ድርጅት ሲሆን፣ በጦርነቱ ጊዜ ጥይት ወደ ማምረት ዞሮ ነበር። ሴት ሠራተኞቹ በእረፍት ሰዓት በግቢው ውስጥ ኳስ መምታት ጀመሩ። በቢሮው ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ፍራንክላንድም ቡድን አድርጎ አደራጃቸው። በ1917 የገና ዕለት በዲፕዴል ሜዳ ከሌላ ፋብሪካ ሴቶች ጋር ያደረጉትን ጨዋታ 10,000 ያህል ሰው ተመለከተው፤ ገቢውም ለቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የቡድኑ ጨዋታዎች በአብዛኛው ለበጎ አድራጎት የሚደረጉ ሆኑ።

ፓር በ14 ዓመቷ ለከተማዋ የሴቶች ቡድን ለሴንት ሄለንስ ትጫወት ነበር። ፍራንክላንድ ያያት ሁለቱ ቡድኖች በተጋጠሙበት ጊዜ ነው። ቡድኗ ቢሸነፍም እርሷን ወደ ፕሬስተን ወሰዳት፤ በፋብሪካው ሥራ፣ በአንዲት የቡድኑ ተጫዋች ቤት ማረፊያ፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታም 10 ሺሊንግ የወጪ መሸፈኛ ተሰጣት። ሲጋራ አጥብቃ ትወድ ስለነበር ከገንዘቡ ጋር ሲጋራም ይጨመርላት እንደነበር ይነገራል። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኗ 43 ግቦች እንዳስቆጠረች ይጠቀሳል።

አጨዋወቷ

ፓር የግራ እግር ተጫዋች ነበረች። ዋናው መሣሪያዋ የምቷ ኃይል ነው። የዚያ ዘመን ኳስ ከወፍራም ቆዳ የተሠራ ሆኖ ዝናብ ሲነካው ውሃ እየመጠጠ ይከብድ ነበር። እርሷ ግን ይህንኑ ኳስ ከመስመር ዳር እስከ ግቡ አፍ ታሻግረው ነበር። የማዕዘን ምቶቿና ከክንፍ የምታሻግራቸው ኳሶች ለቡድኑ አጥቂዎች፣ በተለይ ለፍሎሪ ሬድፎርድ፣ ብዙ ግብ አስገኝተዋል። ከሴት የሚመታ ኳስ አያስፈራኝም ያለ አንድ ወንድ በረኛ ምቷን ሲያድን ክንዱ እንደተሰበረ የሚተረክ ታሪክም አለ። ታሪኩ በየአፉ ሲዘዋወር ሳይዳብር አይቀርም፤ ያም ሆኖ ያዩዋት ሰዎች ስለ ምቷ ምን ያስቡ እንደነበር በደንብ ያሳያል።

በሥራ ዘመኗ ሁሉ ወደ 980 ግቦች እንዳስቆጠረች በብዙ ቦታ ተጽፏል። ጨዋታዎቹ ይፋ ሊግ ያልነበራቸው የወዳጅነትና የበጎ አድራጎት ግጥሚያዎች ስለሆኑ ቁጥሩን እንደ ግምት መውሰድ ይሻላል።

የዝና ዓመታት

በ1920 የጸደይ ወራት በአሊስ ሚሊያ የተመራ የፈረንሳይ የሴቶች ቡድን ወደ እንግሊዝ መጥቶ ከዲክ ከር ጋር አራት ጨዋታ አደረገ። በዚያው ዓመት መጸው የእንግሊዞቹ ቡድን በተራው ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ዲክ ከር በነዚህ ግጥሚያዎች እንግሊዝን ወክሎ ስለተሰለፈ፣ ፓር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ዓለም አቀፍ ተጫዋች ልትባል በቃች።

በዲሴምበር 26 ቀን 1920 በሊቨርፑል ከተማ በጉዲሰን ፓርክ ስታዲየም ዲክ ከር ሴንት ሄለንስን 4 ለ 0 አሸነፈ። ወደ ሜዳው የገባው ተመልካች 53,000 ነበር፤ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ቦታ አጥተው ከበር ተመልሰዋል። ከ3,000 ፓውንድ በላይ ገንዘብ ተሰበሰበ። ይህ የተመልካች ብዛት በእንግሊዝ ምድር በሴቶች የክለብ እግር ኳስ ከ100 ዓመታት በላይ አልተደፈረም። በፌብሩዋሪ 1921 ደግሞ ዲክ ከር ከተቀሩት የብሪታንያ ቡድኖች የተውጣጡ ምርጥ ተጫዋቾችን በአንፊልድ 9 ለ 1 ሲረታ አምስቱን ግብ ያስቆጠረችው ፓር ነበረች። በ1921 ቡድኑ 67 ጨዋታ እንዳደረገና በጠቅላላው ወደ 900,000 ሰው እንዳየው ይነገራል። ተጫዋቾቹ ሙያተኞች አልነበሩም፤ ከጨዋታ ማግስት ወደ ፋብሪካው ሥራ ይመለሱ ነበር።

እገዳው

በዲሴምበር 5 ቀን 1921 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በሥሩ ያሉ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች ጨዋታ እንዳይሰጡ ወሰነ። ማኅበሩ ሁለት ምክንያት አቀረበ። አንደኛው ጨዋታው ለሴት የማይገባ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ለበጎ አድራጎት ከተሰበሰበው ገንዘብ ብዙው በወጪ ስም ይባክናል የሚል ነበር። ሐኪሞች ሳይቀሩ ጨዋታው የሴትን ገላ ይጎዳል ሲሉ ሐሳብ ሰጥተዋል። ያም ሆኖ ውሳኔው የመጣው የሴቶች ጨዋታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በሚስብበት ወቅት መሆኑ፣ እንዲሁም በዚያው ዓመት ሥራቸው ለተዘጋባቸው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ገንዘብ ማሰባሰቢያ መዋሉ፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ከተገለጹት ምክንያቶች ሌላ ምክንያት እንዲፈልጉ አድርጓቸዋል።

እገዳው ጨዋታውን በሕግ ወንጀል አላደረገውም፤ ነገር ግን ስታዲየም፣ መቀመጫና ዳኛ አሳጣው። ቡድኖቹ ወደ ራግቢ ሜዳዎች፣ ወደ መናፈሻዎችና ወደ እርሻ ቦታዎች ተበተኑ። ፓር እገዳው ሲጣል ዕድሜዋ 16 ነበር። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ አባል በሆነ ክለብ ስታዲየም የመጫወት ዕድል አላገኘችም፤ እገዳው ሲነሳ የ60ዎቹን ዕድሜ ተሻግራ ነበር።

የአሜሪካ ጉዞ

በ1922 ቡድኑ በካናዳና በአሜሪካ ለመጫወት በመርከብ ተጓዘ። ካናዳ እንደደረሱ የአገሩ እግር ኳስ ማኅበር እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። ወደ አሜሪካ ሲሻገሩም የሚገጥሟቸው ቡድኖች የወንዶች መሆናቸውን ተረዱ። ገጠሟቸውም። ከዘጠኝ ጨዋታዎች ሦስቱን አሸንፈው፣ በሦስቱ አቻ ወጥተው፣ በሦስቱ ተሸንፈው ተመለሱ።

ነርስነትና የኋላ ዘመን

በ1926 ፍራንክላንድ ከፋብሪካው ባለቤቶች ጋር ተለያየ፤ ቡድኑም ፕሬስተን ሌዲስ የሚል ስም ያዘ። ፓር በፕሬስተን አቅራቢያ በነበረው በዊቲንግሃም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በነርስነት ሠልጥና፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዚያው አገለገለች። ፍራንክላንድ ለሌሎች የቡድኑ ተጫዋቾችም በዚህ ሆስፒታል ሥራ እንዲያገኙ ረድቷል፤ ፋብሪካው ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ሆስፒታሉ ተካው ማለት ይቻላል። ፓር በሥራ ቀናት ሕሙማንን እየተንከባከበች በእረፍት ቀኗ ትጫወት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቡድኑ እንቅስቃሴ ተቋርጦ ነበር፤ በ1946 ሲመለስ እርሷ አምበል ሆነች። ጨዋታ ያቆመችው በ1951 ነው። ያን ጊዜ 46 ዓመቷ ነበር። ቡድኑ ራሱ በ1965 ፈረሰ።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ የጡት ካንሰር ይዟት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ማኅበሩ እገዳውን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲያነሳ በሕይወት ስለነበረች ሴቶች ወደ ሜዳዎቹ ሲመለሱ ለማየት በቅታለች። በ1978 በፕሬስተን አጠገብ በምትገኘው ጉስናርግ በተባለች መንደር በቤቷ ሞተች፤ የተቀበረችውም በትውልድ ከተማዋ በሴንት ሄለንስ ነው።

ከሞተች በኋላ

በ2002 በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም የክብር መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች ጋር ስሟ ሰፈረ፤ በመዝገቡ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በ2019 ማንቸስተር በሚገኘው በዚሁ ሙዚየም በቀራፂዋ ሐና ስቱዋርት የተሠራ የነሐስ ሐውልት ቆመላት። ሐውልቱ ፓርን ኳስ ይዛ ወደ ፊት ስትገፋ ያሳያል።