ደም ሥር የሰፋው ሐኪም፦ አሌክሲስ ካሬል እና የደም መርጋት ጥያቄ

ከካርቱም ማዶ፣ ከኢትዮጵያ በሚወርደው ዓባይ ዳርቻ በምትገኘው ባሕሪ፣ አሕመድ ጋሲም የተባለ የልብ ቀዶ ሕክምናና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ይታወቃል። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2023 ጦርነት ከተማዋን ሳያምሳት በፊት፣ በዚያ ኩላሊት በተተከለ ቁጥር ሐኪሞቹ ደም ሥርን ከደም ሥር የሚያገናኙት አንድ ፈረንሳዊ ከመቶ ዓመት በፊት ባሳየው መርህ ነበር።

አሌክሲስ ካሬል በ1873 በሊዮን አቅራቢያ ተወለደ። በ1894፣ ገና ወጣት ሳለ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን በጩቤ ተወግተው ሞቱ። ጩቤው በጉበታቸው በኩል ትልቅ ደም ሥር ቆርጦ ነበር፤ የዘመኑ ሐኪሞች ደግሞ እንዲህ ያለውን ጉዳት ሰፍተው ማዳን አይችሉም ነበር። ይህ ካሬልን አስቆጨው።

አስቸጋሪው ነገር መስፋቱ ብቻ አልነበረም። ጤነኛ ደም ሥር ከውስጥ በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ደም ከዚህ ሽፋን ሌላ ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል። ስለዚህ ደም የማያፈስ ጠንካራ ስፌት እንኳ ብዙ ሳይቆይ ይደፈን ነበር። ካሬል ከአንዲት የሊዮን ጥልፍ ሠሪ የእጅ ሙያ ተማረ። እጅግ ቀጭን መርፌና በቫዝሊን የታሸ የሐር ክር ያዘ። ክቡን የደም ሥር አፍ በሦስት ስፌት ወጥሮ ሦስት ማዕዘን አደረገው፤ ሽፋን ሽፋንን እንዲነካ አድርጎም ገጠመው። ዘዴውን በ1902 አሳተመ።

በ1904 ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። በቺካጎ ከቻርልስ ገትሪ ጋር፣ ከ1906 ጀምሮ ደግሞ በኒውዮርኩ የሮክፌለር ተቋም የእንስሳትን ኩላሊት እየነቀለ ተከለ። የእንስሳው የራሱ ኩላሊት ቦታ ቢቀየርም ይሠራል፤ ከሌላ የመጣው ግን ይበላሻል። በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በዚያው በ1906 በሊዮን ካሬልን ያሠለጠነው ማትዩ ዣቡሌ የአሳማ ኩላሊት ከአንዲት ሴት ክንድ ጋር አገናኝቶ ነበር፤ ደሙ ረግቶ ሙከራው ከሸፈ። በዓመቱ ካሬል አሳማ ለሰው የአካል ምንጭ ሊሆን እንደሚችል፣ አስቀድሞ ግን አካሉ የሰውን ደም እንዲቋቋም መደረግ እንዳለበት ጻፈ።

የሰውየው ፍጻሜ ግን አሳፋሪ ነው። በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ከባድ ወንጀለኞችን በጋዝ መግደልን ደገፈ፤ በጀርመን ወረራ ዘመንም በቪሺ መንግሥት ሥር ተቋም መራ። በናዚ ተባባሪነት እየተወነጀለ በኅዳር 1944 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በስሙ የተጠሩ በርካታ የፈረንሳይ መንገዶች ስማቸው ተቀይሯል።

የ1907ቱ ሐሳቡ ግን በትክክል ቦታውን መትቶ ነበር። የአሳማ አካል ለዝንጀሮ ሲተከል ስፌቱ እንከን ባይኖረውም ደም ይረጋል። አንዱ ምክንያት በደም ሥሩ ሽፋን ላይ ያለው ትሮምቦሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ የአሳማው ፕሮቲን የዝንጀሮንም ሆነ የሰውን የደም መርጋት በሚገባ መግታት አይችልም። ተመራማሪዎች የአሳማውን ዘረ መል ለውጠው፣ ሰውነት እንደ ጠላት የሚያየውን ስኳር አስወገዱ፤ የሰውን ትሮምቦሞዱሊንም ጨመሩ። በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት እንዲህ ያለ ልብ በዝንጀሮ ሆድ ውስጥ 945 ቀናት መታ።

በ2022 በባልቲሞር 10 የዘረ መል ለውጦች የተደረጉበት የአሳማ ልብ የተተከለለት ሰው ሁለት ወር ያህል ኖረ። ለባሕሪ ሙስሊምም ሆነ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሥጋው የማይበላው ይህ እንስሳ ገና ብዙ ክርክር ያስነሣል። እስከዚያው በሱዳን የኩላሊት ታማሚ ተስፋ በአብዛኛው የሚለግስ ዘመድ ማግኘት ነው።