አክሊሉ ለማ፦ እንዶድን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቁት ሊቅ

የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ፍሬ ነበር። በኮልፌ ቀራኒዮ የሚኖሩ አረጋውያን እናቶችም ሆኑ የገጠሩ አርሶ አደር ይህን አይዘነጉትም። ይህ የጓሮ ቁጥቋጦ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በሳይንስ ያስመሰከሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተወለዱት አክሊሉ የዶክትሬት ትምህርታቸውን በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አጠናቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ በተጓዙ ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ቢያስነኳቸው እነርሱም ሞቱ።

ግኝቱ ትልቅ ተስፋ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ገዳዩ በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ሳፖኒን ሲሆን፣ አንደኛው ዓይነት በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ የሚሠራው መርዝ ሰብል አጥፊ ትሎችን ለመከላከል እንደሚውል ሁሉ፣ እንዶድም ከተፈጥሮ የተገኘ መከላከያ ሆነ። ሆኖም ዓሣንም ስለሚገድል አጠቃቀሙ ጥንቃቄን ይሻል።

አክሊሉ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ፣ በሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ዓለም አቀፍ ተቋማት የእንዶድን ደኅንነት የሚያረጋግጥ፣ በእነርሱ መለኪያ የተካሄደ ምርመራ ስለጠየቁ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። ድሀ አገር በራሷ ቤተ ሙከራ ያገኘችው ውጤት ብቻውን አመኔታ አላገኘም። አክሊሉ ግን ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተስፋ ሳይቆርጡ ገፉበት። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም አማራጭ ኖቤል በሚባለው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተከበሩ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እናቶች በልማድ የያዙት ዕውቀት ለሳይንስ በር እንደሚከፍት ያሳዩበት ሥራቸው፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ዕፅ ሳይንቁ መመርመር እንደሚገባ ያስታውሳል።