ኤድዋርድ ሉካስ

ፍራንሷ ኤድዋርድ አናቶል ሉካስ (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1842 – ኦክቶበር 3 ቀን 1891) ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በተለይ የሚታወቀው 39 አሃዞች ያሉት 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ እንደሌለው በማረጋገጡ ነው።

ሕይወቱ

ሉካስ የተወለደው በሰሜን ፈረንሳይ በአሚያን ከተማ ነው። በፓሪስ ከተማረ በኋላ በከተማይቱ የከዋክብት መመልከቻ ተቋም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ ሒሳብ በማስተማር ኖረ። «የሃኖይ ግንብ» የተባለውን የታወቀ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1883 ያወጣው እርሱ ነው።

ትልቁ ቁጥር

2 ራሱን 127 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስለት የሚከተለው ይገኛል፦

170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማራን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ይህን ቁጥር ከብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልሰጠም። አካፋዮችን አንድ በአንድ መሞከር ደግሞ በሰው ዕድሜ የማይዘለቅ ሥራ ነው።

ሉካስ አካፋይ መፈለጉን ትቶ ሌላ መንገድ ያዘ። ከ3 በመነሣት እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ ያባዛል፣ 2 ይቀንሳል፣ ውጤቱን ለሚመረመረው ቁጥር አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል። ለምሳሌ 2⁷ − 1 = 127 ሲመረመር ተራው 3፣ 7፣ 47፣ 48፣ 16፣ 0 ይሆናል። ስድስተኛው 0 ስለሆነ 127 ብቸኛ ቁጥር ነው። ለ2¹²⁷ − 1 ደግሞ 0 መገኘት ያለበት በ126ኛው ተራ ላይ ነው። ሉካስ ውጤቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1876 ነበር። ቁጥሩ እስከ 1951 ድረስ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆይቷል።

በዚያው ዓመት ሉካስ በመርሴን ዝርዝር ውስጥ የነበረው 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ ቁጥር አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዮቹ እነማን እንደሆኑ ግን አላወቀም። አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል እ.ኤ.አ. በ1903 ቁጥሩ 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን አሳይቷል። አካፋዮቹ ሳይታወቁ የአንድን ቁጥር ጠባይ በእርግጠኝነት ማወቅ እንደሚቻል የሉካስ ሥራ አስተምሯል።

ሞቱና ቅርሱ

እ.ኤ.አ. በ1891 በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ግብዣ ላይ ከአስተናጋጅ እጅ ወድቆ የተሰበረ ሳህን ስባሪ ጉንጩን ቆረጠው። ቁስሉ ተመርዞ ከጥቂት ቀናት በኋላ በ49 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ዘዴውን አሜሪካዊው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር እ.ኤ.አ. በ1930 አሻሻለው። በሁለቱ ስም «የሉካስ–ሌመር ፈተና» የሚባለው ይህ ዘዴ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሃዞች ያሏቸውን ብቸኛ ቁጥሮች በኮምፒውተር ለማረጋገጥ ያገለግላል።