ኦሌ-ዮሐን ዳል፦ የክላስ አባትና ዘግይቶ የመጣው ቁልፍ

የኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ መማሪያ መጻሕፍት ኢንካፕሱሌሽንን ከውርስ ጋር አያይዘው የሲሙላ 67 ስጦታ አድርገው ማቅረብ ይቀናቸዋል። ከቋንቋው ሁለት ፈጣሪዎች አንዱ የሆኑት የኦሌ-ዮሐን ዳል ሕይወት ግን ነገሩ በዚህ ቅደም ተከተል እንዳልመጣ ያሳያል፤ ክላስ ሲሠራ በሩ አልተቆለፈም ነበር።

ዳል እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1931 በደቡብ ኖርዌይ፣ በማንዳል ከተማ ተወለዱ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንተው በ1957 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቁት ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የውትድርና ግዴታቸውን በተወጡበት የመከላከያ ምርምር ተቋም ነው። በ1963 ወደ ኖርዌይ የኮምፒውተር ማዕከል ተዛወሩ። በዚያም የኦፕሬሽን ምርምር ባለሙያው ክሪስተን ኒጎርድ ሐሳቡን ሲያመነጩ፣ ዝምተኛው ዳል የቋንቋውን መዋቅርና ኮምፓይለሩን ያበጁ ነበር።

የመጀመሪያው ሲሙላ የወረፋና የትራፊክ ዓይነት ሥርዓቶችን ለማስመሰል የታለመ ነበር። በ1967 የቀረበው ሲሙላ 67 ግን ክላስን፣ ንዑስ ክላስንና ቨርቹዋል ፕሮሲጀርን ይዞ አጠቃላይ ቋንቋ ሆነ። መረጃውና በመረጃው ላይ የሚሠራው ፕሮሲጀር በአንድ አካል ታቀፉ። ሆኖም ኦብጀክቱን የሚያመለክት ማንኛውም የፕሮግራም ክፍል በነጥብ ምልክት ወደ ውስጥ ገብቶ የኦብጀክቱን ዋጋዎች መለወጥ ይችል ነበር። ማቀፍ አንድ ነገር ነው፤ መከልከል ሌላ።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በጉደር ከተማ ለሚሠራ አንድ የቁጠባ ማኅበር ፕሮግራም ተጻፈ እንበል። የወጪ ፕሮሲጀሩ የአባሉ ሒሳብ ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ቢያረጋግጥም፣ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ሒሳቡን በቀጥታ መጻፍ ከቻለ ማረጋገጫው ከንቱ ነው። ስሕተት ሲገኝም አንዱን ክላስ ሳይሆን መላውን ፕሮግራም መፈተሽ ግድ ይላል።

በ1972 ዴቪድ ፓርናስ ሞጁሎች በሚሰውሩት የንድፍ ውሳኔ እንዲከፋፈሉ ተከራከሩ፤ በዚያው ዓመት ቶኒ ሆር የመረጃ ውክልናን ትክክለኛነት የማረጋገጫ ዘዴ አቀረቡ። ሆር ለዘዴያቸው የመረጡት ማሳያ የሲሙላን ክላስ የተከተለ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሲሙላ ራሱ መቆለፊያውን ያገኘው በ1970ዎቹ፣ ስዊድናዊው ያኮብ ፓልሜ ባቀረቡት ሐሳብ መነሻነት ነው፤ ፕሮቴክትድ የውጭውን ተጠቃሚ፣ ሂድን ደግሞ ንዑስ ክላስን ይከለክላል። ዛሬ በጃቫ ፕራይቬት የሚባለውን ለማግኘት ሁለቱን ማጣመር ያስፈልግ ነበር። በካምብሪጅ ሲሙላን የተጠቀሙት ብያርነ ስትሮውስትሩፕ በበኩላቸው፣ ለሲ ፕላስ ፕላስ መነሻ በሆነው ሥራቸው የክላስ አባላት ፐብሊክ ካልተባሉ በቀር ዝግ እንዲሆኑ አደረጉ።

ዳል ከ1968 ጀምሮ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። የኋለኛውን ዘመናቸውን ለፕሮግራሞች ትክክለኛነት ማረጋገጫ ሰጡ፤ በ1992 ያሳተሙት መጽሐፍም በዚሁ ላይ ያተኮረ ነው። ጉዞው ተቃርኖ አይመስልም። የአንድ ክላስ ሁልጊዜ እውነት የሚሆን ሁኔታ የሚረጋገጠው የውጭ እጅ እንደማይነካው ከታወቀ ብቻ ነውና፣ ክፍት የተተወው በር የሚያስከትለው ችግር በዚህ የጥናት መስክ ጎልቶ ይታያል።

የ2001 የቱሪንግ ሽልማት ለዳልና ለኒጎርድ በጋራ ተሰጠ። ዳል በካንሰር ሕመም ጁን 29 ቀን 2002 አረፉ፤ ኒጎርድም ስድስት ሳምንት ቆይተው፣ ኦገስት 10 ቀን ተከተሏቸው። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍል የሚገኝበት ሕንፃ ዛሬ በዳል ስም ይጠራል።